ሐይቅ ዳር መናፈሻ ልንሠራ ነው፤ መንጠቆ ይዞ የሚመጣን ሰው ምን ይስበዋል?

የሐይቁ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው የምኖረው። ስምንት ልጆች ሆነን ተደራጅተናል። ከውሃው ዳር ቦታ ጠይቀን መናፈሻ ልንሠራ አስበናል። ጥላ ያለበት፣ ሰው ከነቤተሰቡ ውሎ የሚገባበት ቦታ። እስካሁን ስብሰባችን ሁሉ ስለ ጎጆ፣ ስለ ጀልባ ሽርሽርና ስለ ድምፅ ማጉያ ነበር።

ባለፈው እሑድ ግን ሐሳቤን የቀየረ ነገር አየሁ። ሦስት ሰዎች የመንጠቆ ዘንግ ይዘው ከኮምቦልቻ መጡ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው ያገኘኋቸው። ዳር ዳሩን ሲሄዱ አብሬያቸው ሄድኩ። አንዱ ጋ አጥር ነው። አንዱ ጋ ጭቃው እስከ ጉልበት ይውጣል። አንዱ ጋ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ እዚያ መቆም ነውር መሰላቸውና አለፉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዞረው በመጨረሻ ሁለቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሦስተኛው ቆሞ ዋለ። ቢሆንም ፊታቸው የበዓል ፊት ነበር። ከሰፈር ልጆች ትል ገዙ። አራት ቆሮሶ ያዙ። ሊሄዱ ሲሉ ታላቅየው «እዚህ አገር ለእኛ የሚሆን መቀመጫ የለም ወይ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ቢያገኝ ነው ተመልሶ የሚመጣው? መንጠቆ የምትይዙ ካላችሁ ከልባችሁ ንገሩኝ። ቦታውን ሳንቆፍር ማወቅ እንፈልጋለን።

ጦሳ ሥር

ወንድሜ፣ ይህን በመጠየቅህ ብቻ ደስ ብሎኛል። ከደሴ በወር ሁለት ጊዜ እመጣለሁ። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በጠዋት ተነስቼ ከች ነው።

የመጀመሪያው ነገር በሩ ነው። መናፈሻ ተብሎ የተሠራ ቦታ ሁሉ የሚከፈተው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ዘበኛው ከተነሳ፣ ግቢው ከተጠረገ በኋላ። ለዓሣ ግን ሦስት ሰዓት ማለት ረፍዷል። ውሃው ገና ጭጋግ ለብሶ፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ተራራ ሳይታይ መንጠቆዬ ውስጥ መሆን አለበት። ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ የሚከፍትልኝ ሰው ካገኘሁ ሌላው ሁሉ ቢጎድል ግድ የለኝም።

ሁለተኛው ጸጥታ ነው። ባለፈው ዓመት ከውሃ ዳር ካሉ መዝናኛዎች አንዱ ጋ ገንዘብ ከፍዬ ገባሁ። ስሙን ተዉት። ከገባሁ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። ልጄን ይዤ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተንሳፋፊዋ ቡሽ ስትጠልቅ ምን እንደማደርግ በጆሮው እየነገርኩት ነበር። መጮህ ግድ ሆነብኝ። ልጁ «አባዬ እንሂድ» አለ። ዕቃችንን ሰብስበን ወጣን። ከዚያ ወዲህ እዚያ አልተመለስኩም።

ድምፅ ማጉያውን ተዉት። ከልቤ ነው የምለምናችሁ።

ኮምቦልቻ በርሚንግሃም

ሰላም ጀማው። እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ እንግሊዝ ከመጣሁ ዓመታት ሆነኝ። መንጠቆ መያዝ የለመድኩት እዚህ ነው። የእነሱን ልንገራችሁ፣ የሚጠቅማችሁን ትወስዳላችሁ።

እዚህ የገጠር መናፈሻ የሚሉት አለ። ብዙዎቹ ድሮ ጠጠርና አሸዋ የወጣባቸው ጉድጓዶች ናቸው። ውሃ ሞላባቸው፣ ዛፍ ተተከለባቸው፣ ሕዝብ የሚናፈስባቸው ሆኑ። ማለትም እግዜር የሰጣቸው ሐይቅ አይደለም፤ ጉድጓድ ነው። የእኛን ሐይቅ የሚያህል ውሃ ቢኖራቸው ምን ያደርጉት ነበር እያልኩ ሁሌ አስባለሁ።

ዳር ዳሩን ከእንጨት የተሠሩ መቀመጫ መድረኮች አሉ። ፔግ ይሏቸዋል። ቁጥር አላቸው። በር ላይ የቀን ትኬት ትገዛለህ፣ ቁጥር ሰባት ላይ ትቀመጣለህ፣ ማንም አያስነሳህም። በአንዱና በሌላው መካከል ርቀት አለ፤ ክር ከክር እንዳይጠላለፍ። ከመካከላቸው አንድ ሁለቱ ሰፋ ብለው፣ ጠርዝ ተደርጎላቸው ይሠራሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው እስከ ውሃው አፍ ድረስ ይደርሳል። እኔ አጠገብ ሁሌ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ እግራቸው አይሠራም። ከማናችንም በላይ የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

የመናፈሻ ትኬት ብቻ አይበቃም። ዕድሜው 13 የሞላ ሁሉ የመንግሥት የመንጠቆ ፈቃድ መያዝ አለበት። ከ13 እስከ 16 ላሉት ልጆች በነጻ ነው። ወንዞቻቸው ላይ ደግሞ ከመጋቢት 15 እስከ ሰኔ 15 በእነሱ አቆጣጠር ማጥመድ ክልክል ነው፤ ዓሣው የሚራባበት ጊዜ ነውና። ፈረንጁ ይህን ያለ ማጉረምረም ያከብራል።

ካርፕ የሚባለው ዓሣ በሚያዝበት አብዛኛው ውሃ ላይ ዓሣው ይለቀቃል። ወደ ኋላ የሚይዝ ጥርስ የሌለው መንጠቆ ነው የሚፈቀደው። ዓሣውን በትልቅ መረብ ታወጣዋለህ፣ በውሃ የራሰ ፍራሽ ነገር ላይ ታሳርፈዋለህ፣ ፎቶ ታነሳና ትመልሰዋለህ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ግማሽ የሚሆነውን ዳር አይነኩትም። ቄጠማው፣ ፊላው፣ የወደቀው ዛፍ እንዳለ ይተዋል። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ፤ ዓሣው ያለው እዚያ ነው።

አያ መረቡ

ልጆች ሰላም ዋላችሁ። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ ቃሉ የኔ ነው። ዕድሜዬን በመረብ ኖሬያለሁ።

ሰው ዓሣ ይዞ መልሶ ይለቃል ሲባል ሰማሁ። አልነቅፍም፤ የሰው አገር ልማድ ነው። እዚህ ግን ዓሣ እንጀራ ነው። ለቀቅኩት ብሎ ፎቶ የሚያሳይ ሰው አጠገብ ባዶ ጀልባ የሚጎትት ሰው ካለ፣ ያ መናፈሻ ሰላም አያገኝም። እና ስትሠሩ ከእኛ ጋር ተመካከሩ። መረባችን የት እንደሚጣል፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ጠይቁ። እንግዳው ክሩን መረባችን ላይ ከጣለ የእሱም ይበጠሳል የእኛም ይቀደዳል።

ሌላም ልንገራችሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ ቆሮሶ የሚባል እዚህ ውሃ ውስጥ አልነበረም። አምባዛ ነበር። ቆሮሶውን በደርግ ጊዜ ነው አምጥተው የጨመሩት። ያኔ የዓሣ ጫጩቶቹ የተጨመሩበትን ዳር አይቻለሁ። ዛሬ አገሩን የሚያበላው እሱ ነው። ስለዚህ ዓሣ ከሰው እጅ የመጣ ነው፣ በሰው እጅም ይጠፋል። ጥልቅ ያልሆነውን ዳር አትንኩብን።

የሐይቁ ልጅ

አያ መረቡ፣ እድሜ ይስጥልን። ይህን ሳንሰማ ብንጀምረው ኖሮ ምን ያህል እንደምንሳሳት እያሰብኩ ነው። በእውነት ለመናገር እቅዳችን ላይ «ዳሩን ማጽዳት» የሚል አለ። ቄጠማውን ነቅለን አሸዋ ልናለብስ ነበር። ለምንድነው ጥልቅ ያልሆነው ዳር አይነካም የምትሉት? ለጓደኞቼ የማስረዳበት ነገር እፈልጋለሁ።

የባዮሎጂ አስተማሪ

አያ ከፈቀዱልኝ እኔ ልመልስ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ነው፤ እንዲህ ስጠየቅ ደስ ይለኛል።

የቆሮሶ ወንዱ ሊራባ ሲል ጥልቀት ወደሌለው ዳር ይመጣል። በአፉና በክንፉ አሸዋውን ጠርጎ እንደ ሳህን ክብ ጉድጓድ ይሠራል። ውሃው ጥሩ ሆኖ ከላይ ብታዩ፣ ጎን ለጎን የተደረደሩ ነጣ ነጣ ያሉ ክቦች ይታያሉ። እያንዳንዷ የአንድ ወንድ ቤት ናት፤ ሌላ ሲጠጋ ያባርራል። ሴቷ መጥታ እንቁላሏን እዚያ ትጥላለች። ከዚያ ምን ታደርጋለች መሰላችሁ? እንቁላሉን ሁሉ በአፏ ትሰበስበዋለች። እስኪፈለፈል ድረስ በአፏ ይዛው ትዞራለች። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። እኔ ራሴ ከተማሪዎቼ ጋር አይቻለሁ። እንደ ጭስ ተበትነው የነበሩት ጫጩቶች ጥላችን ሲያርፍባቸው በአንድ ጊዜ ጠፉ። አንዲት ተማሪ ሴቷ የበላቻቸው መስሏት እንባ አቅርራ ነበር። ትንሽ ዝም ብለን ስንቆም አንድ በአንድ ከአፏ ወጡ።

እነዚህ ጫጩቶች እናታቸው ከለቀቀቻቸው በኋላ የሚደበቁት ቄጠማና ፊላው ውስጥ ነው። ዳሩን «ስታጸዱ» የምታጸዱት የዓሣውን ቤት ነው። ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ መንጠቆ ይዞ የሚመጣው ሰው ባዶ እጁን ይሄዳል፤ የአያ መረቡም ጀልባ እንዲሁ።

ስለ ጸጥታው ደግሞ አንድ ማስተካከያ። ሙዚቃው ሰውን ነው የሚያባርረው። በአየር የሚመጣ ድምፅ አብዛኛው ከውሃው ገጽ ተመልሶ ይሄዳል። ዓሣው አጥብቆ የሚሰማው ንዝረትን ነው። በጎንና በጎኑ ንዝረት የሚቀበልበት መስመር አለው። ስለዚህ ዳሩ ላይ ሩጫ፣ መድረኩን በእግር መደብደብ፣ የጀልባ ሞተር፤ እነዚህ ናቸው የሚያሸሹት። የልጆች መጫወቻውን ከማጥመጃው ዳር አርቃችሁ አድርጉት። የሞተር ጀልባውም ሌላ ወገን ይሁን።

ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን ይሄ ነው። የእኛ ሐይቅ በገጹ ላይ መውጫ ወንዝ የለውም። ከአርዲቦ ሐይቅ ወገን ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣበት ግን የለም። ጣና ዓባይ አለው፣ ያጥበዋል። የእኛ የገባበትን ይዞ ይቀራል። የመኪና ማጠቢያ ዘይት፣ ሳሙና፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ ሁሉም እዚያው ነው። እባካችሁ በሩ ላይ «መኪና ማጠብ ክልክል ነው» ብላችሁ ጻፉ።

የእናት ጓዳ

እኔ መንጠቆ አልይዝም። ዓሣ ግን ለስንት ሰው አብስያለሁ፤ ስለዚህ አንድ ሁለት ቃል ልበል።

ወንዶች ተሰብስባችሁ ስለ ዓሣ ስታወሩ ሽንት ቤት የሚል ቃል አላየሁም። ሰውየው ዛፍ ሥር ይሄዳል። ሚስቱስ? ልጁስ? ንጹሕ፣ በሩ የሚዘጋ፣ ውሃ ያለበት፣ ለሴት የተለየ ሽንት ቤት ካላችሁ ሰውየው ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። ቤተሰብ ከመጣ ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ ምሳ ይበላል፣ ቡና ይጠጣል። ከሐይቁ ራቅ አድርጋችሁ ሥሩት፤ መምህሩ ያሉትን ሰምቻለሁ።

ሁለተኛ፣ የዓሣ መጥረጊያ ጠረጴዛ። ከፍ ያለ፣ ሲሚንቶ የሆነ፣ ቧንቧ ያለው። አሁን ሰው ድንጋይ ላይ ይጠርገውና ሆድ ዕቃውን እዚያው ይጥለዋል። ዝንቡ፣ ሽታው፣ ውሻው። ጎን በጎን የተከደነ ጉድጓድ ቆፍሩለት።

ሦስተኛው የኔ ምኞት ነው። ሰው በእጁ የያዘውን ዓሣ እዚያው ጠብሶ የሚሰጠው ይፈልጋል። ሆቴል ከገዛው ጋር አንድ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ አባትና ሴት ልጁ አንዲት ቆሮሶ ይዘው መጡ። መዳፌን ብታህል ነው። «ይህችን ትጠብሽልናለሽ?» አለችኝ ልጅቱ። የእሷ የመጀመሪያዋ ነበረች። ሁለቱን ጎኗን ስስ ስስ አድርጌ ቀደድኩላት፣ ጨውና ሎሚ አሸሁባት፣ ዘይቱ በደንብ ሲግል ለቀቅኳት። ጅራቷ ጥርት ብሎ እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከአዋዜና ከትኩስ ዳቦ ጋር አቀረብኩላቸው። ልጅቱ ግማሹን ለአባቷ ቆርሳ አጎረሰችው። የጥብሱን ዋጋ ብቻ ነው የተቀበልኩት። ዓሣው የራሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ መጡ! ምጣድና ከሰል ያለበት ጥግ ስጡኝ፤ ሌላውን እኔ አውቃለሁ። በጾም ጊዜማ ፈላጊው ይበዛል።

ጦሳ ሥር

እቴ፣ አንቺ ያለሽበት መናፈሻ ከተከፈተ እኔ በየሳምንቱ ነኝ። ባለቤቴም እስካሁን ያልመጣችው በዚያው በሽንት ቤቱ ምክንያት ነው።

ከቢስቲማ

ሁላችሁም ስለ ሐይቅ ታወራላችሁ፤ አርዲቦም አለ። ከሐይቅ ከፍ ብሎ፣ ከቢስቲማ ወገን። ያነሰ ነው፣ ሰውም አይበዛበትም። ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የሚሻል አላውቅም። መንገዱ ግን በክረምት ያስቸግራል። መናፈሻችሁ ሲሠራ አርዲቦን የሚያሳይ ልጅ ይኑራችሁ። ሁለት ቀን ለሚቆይ ሰው አንዱን ቀን ወደኛ ላኩት።

የሐይቁ ልጅ

ለኮምቦልቻው ወንድሜ፦ ፔግ ያልከውን ልጆቹ ወደዱት። በምን እንሥራው? ባሕር ዛፍ አለን።

ኮምቦልቻ በርሚንግሃም

ሁለት ሰው ከነዕቃው የሚይዝ ይሁን። ስፋቱን ወንበርና ባልዲ አስቀምጣችሁ ለኩት። በአሥራ አምስት ሜትር ልዩነት ብታደርጉት ክር አይጠላለፍም። ላዩ የሚያዳልጥ እንዳይሆን የሽቦ ወንፊት ምቱበት። መኪና ማቆሚያው ቅርብ ይሁን፤ ዕቃው ይከብዳል። ስለ እንጨቱ ግን እዚያ ያላችሁት ታውቃላችሁ።

የባዮሎጂ አስተማሪ

ባሕር ዛፍ ውሃ ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ከውሃው በታች የሚገባው እግር ድንጋይና ሲሚንቶ ይሁን፤ ላዩን እንጨት አድርጉት። መውጫ የሌለው ሐይቅ ደግሞ በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ይላል። በአንድ ከፍታ ከሠራችሁት ግማሹን ዓመት ወይ ይሰጥማል ወይ ከውሃው ይርቃል። እንደ ደረጃ ዝቅ ዝቅ እያለ የሚወርድ ቢሆን ጥሩ ነው።

መድረኩ ሌላም ጥቅም አለው። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ በአካባቢያችን አለ። የሚይዘው የሰው ባዶ ገላ ውሃው ውስጥ ሲገባ ነው። ደረቅ መድረክ ላይ የተቀመጠ ሰው ከዚያ ይድናል። ልጆችም አሉ፤ ሐይቁ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል። የአደጋ ጊዜ ጃኬትና ረጅም ገመድ በየመድረኩ አጠገብ ይሰቀል።

ሕጉንም አትርሱ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ። ግንባታ ሳትጀምሩ የወረዳውን የግብርና ባለሙያዎች አነጋግሩ።

የገዳሙ ጎረቤት

ቦታ ስትመርጡ ሐይቅ እስጢፋኖስን አስቡ። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ጀምሮ የጸሎት ቦታ ነው፤ ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ሴቶች አይገቡም። በውሃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። መነኮሳቱ ማታ ማታ የኛን የሠርግ ዘፈን እንደሚሰሙ ነግረውኛል። አልተቆጡም፣ ነገሩኝ ብቻ። መንጠቆ የያዘ ሰው ለእነሱ ጥሩ ጎረቤት ነው፤ ዝም ብሎ ይቀመጣልና።

ለሙስሊም ወንድሞችም የሶላት ቦታና የውዱእ ውሃ አዘጋጁ። ወሎ ነን። ጎህ ሲቀድ የሚመጣ ሰው ሱብሒን የሚሰግድበት ካገኘ ከመንገድ አይዘገይም።

ጦሳ ሥር

አሚን። እኔ ራሴ መኪና ውስጥ ሆኜ ስንቴ እንደሰገድኩ።

የሐይቁ ልጅ

ትናንት ማታ ይህን ሁሉ ለልጆቹ አነበብኩላቸው። ከሁሉ ያከራከረን ድምፅ ማጉያው ነበር። አንዱ ጓደኛችን «ወጣቱ ያለ ሙዚቃ አይመጣም» ብሎ ብዙ ሞገተ። እውነት አለው። የመምህሩን የጫጩቶች ታሪክ ሳነብ ግን ዝም አለ። ኋላ ራሱ «ቡና ቤቱ ውስጥ በትንሹ ይሁን፣ ወደ ውሃው አይዙር» አለ። በዚያ ተስማማን። ቄጠማ መንቀሉን ከእቅዱ ሰርዘነዋል። ስድስት መድረክ በመሥራት እንጀምራለን። በሩ አሥራ አንድ ተኩል ይከፈታል፤ ተራ ይዘናል።

ዓሣውን ስለ መልቀቁ ያልወሰንነው አለ። የያዘውን መብላት የሚፈልግ ይብላ። ትንንሹን ግን እንዲመልስ እንጠይቃለን። ይሄ ልክ ነው፣ አያ?

አያ መረቡ

ልክ ነው። ትንሹን እኛም እንመልሳለን፤ ያልመለሰ ከራሱ ልጅ ነው የሚሰርቀው። ሲለቁት እጃቸውን በውሃ ያርጥቡ። በደረቅ እጅ ከተያዘ ልጋጉ ይላጣል፣ ኋላ ይታመማል። ቆሮሶ እንደ አምባዛ አይደለም፤ አምባዛ ከውሃ ወጥቶም ይቆያል፣ ቆሮሶ አይችልም። ቶሎ ይመለስ።

መድረኮቹን ቆሮሶው ከሚወልድበት አርቃችሁ ነው የምትተክሉት። ቦታውን እናንተ አታውቁትም። ሰኞ ንጋት ላይ ጀልባ ማቆሚያው ጋ ጠብቁኝ፤ ይዣችሁ ዞሬ በእንጨት ምልክት አደርግላችኋለሁ። ስምንታችሁም ኑ። ቦት ጫማ ያላችሁ አድርጉ፣ ዳሩ ጭቃ ነው።